ነጭ ወረቀት ያዥዋ

የሰፈሩ ሰው ጋሼ ቀጥበል ይለዋል። ስሙ አይደለም። ፎቶ ሊያነሳ ካሜራውን ወደ ዐይኑ ባስጠጋ ቁጥር «ቀጥ በል! አንቺም ቀጥ በዪ! አገጭ ዝቅ!» እያለ ስለሚጮህ የተለጠፈበት ቅጽል ነው። ሙሽራም ይሁን ዳኛ፣ እሱ ፊት የቆመ ሁሉ ደረቱን ነፍቶ፣ ትንፋሹን ውጦ ነው የሚነሳው። ቅጽሉ ቅር አያሰኘውም። እንዲያውም ፎቶ ቤቱ በር ላይ በትልቁ ሊያጽፈው አስቦ፣ «ኧረ በፈጠረህ፣ መሳቂያ ልታደርገን ነው?» ብላ ያስተወችው ሚስቱ ናት።

ፎቶ ቤቱም መኖሪያውም አንድ ነው። የፊተኛዋ ክፍል ሥራ ቦታ፣ የኋለኞቹ መኝታና ማድቤት ናቸው፤ በመሃል አንድ መጋረጃ ብቻ አለ። ከፊተኛዋ ክፍል በስተግራ የጠዋት ብርሃን የሚገባበት ሰፊ መስኮት፣ ከመስኮቱ ትይዩ ግራጫ ቀለም የተቀባ ግድግዳ፣ ግድግዳው ላይ አንድ ሚስማር፣ ሚስማሩ ላይ በክር የተንጠለጠለ ነጭ ወረቀት። ወፍራም፣ የማያብረቀርቅ፣ ትሪ የሚያህል ወረቀት ነው። ይህን ወረቀት ልብ በሉልኝ፤ የሰውየው ጉድ ሁሉ ያለው እሱ ላይ ነው።

ሥራ ያለ ቀን ጠዋት ጋሼ ቀጥበልን ማንም አያናግረውም። ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ፎጣ ያነጥፍና ካሜራውን እንደ አራስ ልጅ ቀስ አድርጎ ያሳርፈዋል። ሌንሱን ይፈታል። የሌንሱን አፍ ወደ ታች ደፍቶ በጎማዋ መንፊያ አቧራውን ያራግፋል። በአፉ እፍ የሚል ሰው ካየ ለፀብ ይጋበዛል፤ «ምራቅህን ሌንስ ላይ?» ይላል፣ ሰውየው የገዛ ራሱን ሌንስ እያጸዳ ቢሆን እንኳ። ከዚያ በለስላሳው ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር እያዞረ ይጠርገዋል። ባትሪዎቹ ሲሞሉ ነው ያደሩት፤ እሱ ግን አያምናቸውም፣ አንድ በአንድ እያስገባ ያያቸዋል። ፍላሹን ያበራል፣ ያጠፋል። ሁሉም ተሰናድቶ ሲያልቅ ፊቱን ወደ መጋረጃው ያዞራል።

«ነጩን ያዢልኝ!»

ሚስቱ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ብቅ ትላለች። ወረቀቱን ከሚስማሩ ታወርድና ደረቷ ላይ ይዛ ግራጫው ግድግዳ ሥር ትቆማለች። እሱ መጀመሪያ ወረቀቱን ያነሳል፤ ካሜራው ነጭ የቱ እንደሆነ ለይቶ፣ ሰውን ቢጫ ወይም ሰማያዊ አድርጎ እንዳያወጣበት ነው። ቀጥሎ ዐይኗን ያነሳል፤ የሽፋሽፍቷ ጸጉር አንድ በአንድ ከታየ ሌንሱ ጤነኛ ነው። ስክሪኑ ላይ አጉልቶ ያይና «ይሁን» ይላል። ይሁን ካለ አለቀ፤ እሷ ወደ ድስቷ፣ እሱ ወደ ቦርሳው። ከቤት ከመውጣቱ በፊት ግን አንድ ነገር ይቀረዋል። ካርዱን ፎርማት ያደርጋል። ሙከራውን ሁሉ ሙልጭ አድርጎ ያጠፋል።

«ካርድ ባዶ ሆኖ ነው ከቤት የሚወጣው፤» ይላል። «የደንበኛ ፎቶ ከሌላ ሰው ፎቶ ጋር አይቀላቀልም። ሥራ ማለት ይሄ ነው።»

ሌላ ሰው የሚላት እንግዲህ ሚስቱን ነው።

ልማዱ ያለ ምክንያት አልመጣም። ዲጂታል ካሜራ በገዛ ሰሞን፣ አንድ ሰርግ ላይ ያነሳውን ሁሉ ወዲያው በአዳራሹ ትልቅ ስክሪን ላሳያችሁ ብሎ ካርዱን ሰካው። ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ሙሽራዋን ሲጠብቅ፣ ስክሪኑን ሞልታ የወጣችው የእሱ ሚስት ሆነች፤ ሽርጥ ታጥቃ፣ በአንድ እጇ ነጭ ወረቀት፣ በሌላው ጭልፋ ይዛ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የሙሽራዋ አባት ግን አልሳቁም። ጋሼ ቀጥበል መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሙከራውን ሳያጠፋ ደጃፉን ተሻግሮ አያውቅም።

ሚስቱ ግን ያንን ቀን እያነሳች ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። ጨዋታ ወዳድ ነበረች። ጎረቤት ሲሰበሰብ «የዚህን ከተማ ሙሽራ ሁሉ ብትደምሩ እኔን ያህል ፎቶ የተነሳ የለም» ትልና ትንሽ ቆይታ «አንድም የለኝም እንጂ!» ትላለች። ሰው ይስቃል፣ እሱም ይስቃል። እውነቷን ነበር። በፊልሙ ዘመን የተነሳቻቸው ጥቂት ፎቶዎች የውሃ ቧንቧ ፈንድቶ ሣጥኑን ያራሰው ጊዜ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ቀርተዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሙከራ ነው፤ ሙከራ ደግሞ ይጠፋል።

«እኔ የምልህ፣» አለችው አንድ ቀን የተቀደደ ካልሲ እየሰፋች፣ «አንድ ጉርድ ፎቶ እንኳ አታነሳኝም? በደንብ ለብሼ፣ ወረቀት ሳልይዝ።»

«ምን ችግር አለ? ሥራ ቀዝቀዝ ይበልና።»

ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ግን እሱም አብሮ ይቀዘቅዛል። ያርፋል፣ ጋዜጣ ይገልጣል፣ «ዛሬማ ካሜራ የሚባል ነገር በዐይኔ እንዳይዞር» ይላል። እንጀራውን ለሚበላበት ነገር በቤቱ ውስጥ ጊዜ አጣ። እንዲህ ዓይነት ሰው ሁላችንም እናውቃለን፤ ለባዳ ማር፣ ለቤቱ ሬት። ክፉ ሆኖ አይደለም። ሚስቱ ነገም እዚያው መጋረጃው ጀርባ እንደምትገኝ እርግጠኛ ስለነበረ ነው።

እሷ አልነዘነዘችውም። መንገድ ማዶ ካለችው ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዳ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ቀሚስ አሰፋች። ቀሚሱን በላስቲክ ሸፍና ቁም ሣጥን ውስጥ ሰቀለችው። የእህቷ ልጅ ስትዳር አልለበሰችውም። የገዛ ልጃቸው አስተማሪ ሆና ስትመረቅም አልለበሰችውም። «ያ ለፎቶዬ ነው» ትላለች። ልጅቷ ስልኳን አውጥታ «እማዬ፣ እስኪ ቀና በዪ» ስትላት ደግሞ ፊቷን በእጇ ትከልላለች።

«ባሌ ፎቶ አንሺ ሆኖ እኔ በስልክ ልነሳ? ሰው ይታዘበኛል! ቆይ፣ እሱ በትልቁ ያነሳኛል።»

ጋሼ ቀጥበል አንድ ሌላ አመል ነበረበት፤ ይህን ሳልነግራችሁ ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር። ሰው ሞቶበት ፎቶ ሊያሳጥብ የሚመጣ ሰው አለ። አንዳንዱ ከመታወቂያ በቀር ምንም የለውም። የሟቹን መታወቂያ ያወጣና «ይቺን አጉላልኝ» ይላል። ጋሼ ቀጥበል ያኔ ፊቱን ያጨፈግጋል። ማኅተሙ አገጭ ላይ አርፏል፣ ፎቶዋ የአውራ ጣት ጥፍር ታህላለች፣ ቢያጎሏት ትበጣጠሳለች። ሥራውን ይሠራዋል፤ ግን ሳይናገር አይሠራውም።

«በሕይወት እያለ የት ነበራችሁ? ሰው ትዝ የሚላችሁ ከሞተ በኋላ ነው?»

ልብስ ሰፊዋ ባሏ የሞተ ጊዜ ይህንኑ ሰምታለች። ዐይኗ በልቅሶ አብጦ፣ የባሏን መታወቂያ በመሐረብ ጠቅልላ ነበር የመጣችው። መታወቂያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። አንገቷን ደፍታ ስትወጣ ሚስቱ ከመጋረጃው ጀርባ ወጣች።

«ሐዘንተኛ እንዲህ ይባላል?»

«ውሸቴን ነው? አንድ ፎቶ መነሳት ምን ይከብዳል?»

«እነሱ እንኳ ፎቶ አንሺ ቤታቸው አልነበረም፤» አለችና ወደ ውስጥ ተመለሰች።

እሱ ማኅተሙን ከሟቹ አገጭ ላይ እያጠፋ ስለነበረ ነገሩ በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ወጣ።

በዚያ ዓመት የምርቃት ሰሞን ሲቃረብ ነገሩን ያነሳው እሱ ራሱ ነበር። በምን እንደተነካ እንጃ፣ ራት እየበሉ ሳለ «ምርቃት ሳይገባ አነሳሻለሁ። ቃሌ ነው። ያቺን ቀሚስሽን ትለብሺያለሽ» አላት። እሷ ጉርሻዋን አቁማ አየችው። «ጠዋት ነው ታዲያ፣ በመስኮቱ ብርሃን» አለችው። «በመስኮቱ ብርሃን» አላት። ከዚያ ተማሪ የሚያስመርቀው ኮሌጅ ሰዎች ደወሉ፣ ፍላሹ ተበላሸ፣ ፍላሹ ተሠራ፣ አንዱ ቀን ሌላውን እየገፋ የመጀመሪያው የምርቃት ቀን ነጋ። ቃሉ ከአእምሮው ወጥቶ ነበር። ከእሷ አእምሮ ግን አልወጣም።

የዚያን ጠዋት ጋሼ ቀጥበል ሲነሳ የባትሪው መሙያ ከሶኬቱ ተነቅሎ አገኘው። አንደኛው ባትሪ ግማሽ ላይ ቀርቷል። ደሙ ፈላ። የኮሌጁ ዲን ደውለው «ተመራቂዎቹ ተሰልፈዋል» አሉት፤ ይህ ደግሞ አባሰበት። ሌንሱን እየጠረገ ሰዓቱን ያያል፣ ሰዓቱን እያየ ጨርቁ ይወድቅበታል። የወደቀ ጨርቅ ሌንስ አይነካም፤ ሌላ ጨርቅ ፍለጋ መሳቢያውን ያምሳል። ከኋላ የቁም ሣጥኑ በር ሲጢጥ ሲል ሰምቷል፤ ምን ታደርጋለች ብሎ አላሰበም።

«ነጩን ያዢልኝ! ኧረ ቶሎ በዪ!»

«መጣሁ፣ መጣሁ። እስክልህ ቀና እንዳትል።»

ቀና እንዳትል ማለቷን የሰማው እንደ ዘበት ነው። ቀና የሚልበት ጊዜም አልነበረውም። የመጋረጃው ቀለበቶች ተንሿሹ፣ የወረቀቱ ክር ከሚስማሩ ተላቀቀ። «እሺ» አለች። ካሜራውን ወደ ዐይኑ ሲያስጠጋ ወረቀቱ ከደረቷ ከፍ ብሎ ፊቷን ሸፍኖታል። ሌላ ቀን ቢሆን «አንቺ ሴት፣ ደረትሽ ላይ አድርጊው» ይላት ነበር። ያን ቀን ግን ያየው ነጭ ብቻ ነው። ወረቀቱን መሃል አስገብቶ አንድ ጊዜ ቁልፉን ተጫነ።

«አየኸኝ?» አለችው ከወረቀቱ ጀርባ። ድምፅዋ ሳቅ ሳቅ ይለው ነበር።

«ወረቀቱ ነው የሚፈለገው። በቃ፣ ይሁን!» ዐይኑ ስክሪኑ ላይ ነው፤ ነጩ ነጭ መሆኑን ያያል።

«ሌላ አትጨምርም?»

«ኧረ ቸኩያለሁ!»

እሷ ትንሽ ቆማ ቆየች። ቆማ መቆየቷን ያወቀው በኋላ፣ ነገሩን ደጋግሞ ሲያወጣ ሲያወርድ ነው። በጊዜው እሱ ጎንበስ ብሎ ካርዱን ፎርማት እያደረገ ነበር። ካደረገ በኋላ ደግሞ ይህን ሁሉ ተመራቂ አይችልም ብሎ በሰፊው ካርድ ለወጠውና ያን ገና ያልተሠራበትን ትንሽ ካርድ ቦርሳው ኪስ ውስጥ ወረወረው። ወረቀቱ ወደ ሚስማሩ ተመለሰ። መጋረጃው ተዘጋ። በሩን ከፍቶ ሲወጣ «መልካም ሥራ» የሚል ድምፅ ከኋላ ተከተለው። እሺ ይበላት አይበላት እስከ ዛሬ አያስታውስም።

ምርቃት ላይ ስልኩን ያጠፋል፤ ይህም ልማዱ ነው። ስለዚህ ሚስቱ ማድቤቱ በር ላይ ደረቷን ይዛ ስትወድቅ፣ ልብስ ሰፊዋ ጩኸቷን ሰምታ መንገዱን በሩጫ ስታቋርጥ፣ ጎረቤት ተረባርቦ ሆስፒታል ሲያደርሳት፣ ስልኩ ቦርሳው ውስጥ ዝም ብሎ ተኝቷል። እሱ በዚያን ጊዜ ደረጃ ላይ የተደረደሩ ተመራቂዎችን «ቀጥ በሉ! ፈገግ! አንተ ከኋላ፣ አገጭ ዝቅ!» እያለ ነበር። ስልኩን የከፈተው ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ሆስፒታል የደረሰው ካሜራው አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ሐኪሟ ካሜራውን አይታ የመጣው ለሥራ መስሏት «ፎቶ እዚህ ክልክል ነው» አለችው። «ሚስቴ ናት» አላት። ሐኪሟ እጁን ያዘችው፤ እጁን ስትይዘው ገባው። ልቧ ነው አሉት። ድንገት ነው አሉት። ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠ።

ልጁ ካለችበት ከተማ በማግሥቱ ጠዋት ደረሰች። ካለቀሱ በኋላ፣ ተቃቅፈው ሁለቱም ውሃ ከሆኑ በኋላ፣ ልጅቷ ፊቷን አብሳ አንድ ነገር ጠየቀችው።

«አባዬ፣ የእማዬን አንድ ጥሩ ፎቶ ስጠኝ። በትልቁ ታትሞ ሬሳው ፊት ይቀመጥ።»

«እሺ» ብሎ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠ። እሺ ሲል አምኖ ነው። ፎቶ አንሺ ነው፤ ፎቶ እንዴት ይጠፋል? የሰርጎቹን ፎልደር ከፈተ። ምርቃቶቹን ከፈተ። የሕፃናት ልደት፣ የሱቅ ምርቃት፣ የእግር ኳስ ቡድን፣ ማንም ያላዘዘው የአንድ ባለጸጋ ውሻ እንኳ አለ። የማያውቃቸው የሰው ሚስቶች በሺህ ቀሚስ ፈገግ ብለው አለፉ። የእሱ የለችም። የውጭውን ማስቀመጫ ሰካ፣ የድሮውን ኮምፒውተር አስነሳ። የለችም። ልጁ ከኋላው ቆማ ታያለች።

«አንተ ስልክ ላይስ? አንድ እንኳ የለህም?»

«አንቺስ?»

«እኔማ መች እሺ ትለኝ ነበር! አባትሽ በትልቁ ያነሳኛል እያለች...» ልጅቷ መጨረስ አቃታት። ከዚያ ድንገት ጮኸችበት። «ፎቶ አንሺ ነህ አባዬ! የሰፈሩ ውሻ ፎቶ እያለህ የእናቴ ይጠፋል?»

ጋሼ ቀጥበል የከፈታቸውን ፎልደሮች አንድ በአንድ ዘጋ። ልጁ የሚስቱን የእጅ ቦርሳ አመጣች። ከውስጡ መታወቂያዋ ወጣ።

መታወቂያው ላይ ያለችው ሴት በቢሮ ባንኮኒ ላይ በተተከለች ትንሽ ካሜራ የተነሳች ናት። ተደናግጣለች። ዐይኗ ወደ ጎን ሄዷል፣ ከንፈሯ አንድ ነገር ሊል ብሎ የተቋረጠ ይመስላል፣ ማኅተሙ ከአገጯ እስከ ጉንጯ ወጥቷል። ጋሼ ቀጥበል ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ብርሃን አበራባት፣ አነሳት፣ አጎላት። ፊቷ ተበጣጠሰ። ማኅተሙን ጥቂት በጥቂት ማጥፋት ጀመረ። እጁ ሥራውን ያውቀዋል፤ የስንቱን ሟች አገጭ እንዲህ አጽድቷል! ጉንጯ ጋ ሲደርስ ማኅተሙ ሥር ያለው ምን እንደነበረ ማወቅ አቃተው። ትንሽ ጠባሳ ነበረች? በግራ ነው በቀኝ? ከሽፋሽፍቷ ጸጉር ጋር የሚተዋወቀው ሰውዬ የሚስቱን ጉንጭ ማስታወስ ተሳነው። ያኔ የገዛ ድምፁ ጆሮው ላይ መጣ፤ በሕይወት እያለች የት ነበርክ? ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

ለቀስተኛው ፎቶዋን እያየ አለፈ። ሰው ጨዋ ነው፤ እሷን አትመስልም ያለ የለም። ልብስ ሰፊዋ ፎቶው ፊት ቆማ ቆየችና መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ይህቺ ሴት ብትናገረው እንደማይፈርድባት ያውቃል፤ እንዲያውም ብትናገረው ይሻለው ነበር።

«አይዞህ ወንድሜ፣» አለችው በዝግታ፣ «እኔም ይህንኑ አልፌዋለሁ።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ያቺን አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ አላነሳሃትም እንዴ? በዚያው ሰሞን ወገቡን አጥብቢልኝ ብላ አምጥታልኝ ነበር። ምርቃት ሳይገባ ሊያነሳኝ ነው ብላ...» አለች።

ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። ልብስ ሰፊዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ሌላ አየች።

ከቀብር በኋላ ልጁ የእናቷን ዕቃ ስታስተካክል አረንጓዴውን ቀሚስ ቁም ሣጥኑ ውስጥ አላገኘችውም። አልጋው ራስጌ ወንበር ላይ ነበር፤ ከላስቲኩ ወጥቶ፣ በጥንቃቄ ታጥፎ። ከሥሩ ደህናው ጫማዋ ተቀምጧል። «ማን አወጣው?» ብላ ጠየቀችው። «እንጃ» አላት። እውነትም አያውቅም።

ካሜራውን አልነካውም። ፎቶ ቤቱን ዘጋ። የመጣውን ደንበኛ ልጁ እየመለሰች ሰነበተች። አንድ ቀን ግን ካርዶቹን ሁሉ፣ አሮጌዎቹንም አዲሶቹንም፣ በኪሱ ሞልቶ ወደ ኮምፒውተር ጠጋኙ ሄደ። ጠጋኙ ጎልማሳ ነው፣ የእሱን ሰርግም የሕፃን ልጁን ልደትም ያነሳው ጋሼ ቀጥበል ነው። የጠፋ ፎቶ የሚያወጣ ፕሮግራም እንዳለው ሰምቷል።

«ፎርማት የተደረገ ይወጣል?» አለው።

«ይወጣል ጋሼ። ፎርማት ሲደረግ ፎቶው ወዲያው አይጠፋም፣ ሌላ ፎቶ እስኪጻፍበት ተደብቆ ይቆያል።»

ጋሼ ቀጥበል ካርዶቹን ከኪሱ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ። ያን ሁሉ ጠዋት አሰበ፤ ያን ሁሉ ሽርጥ፣ ያን ሁሉ ዐይን። አንዱ ካርድ ገባ። ሙሽሮች ወጡ፣ ሚዜዎች ወጡ፣ አዳራሽ ወጣ። ሌላው ገባ። ተመራቂዎች። ሌላው። ሕፃን ሻማ እፍ ሲል። ጠጋኙ ብዙ ካየ በኋላ ወንበሩን ወደ እሱ አዞረ።

«ጋሼ፣ የእትዬን ሙከራ መጀመሪያ ነው የሚያነሱት?»

«ሁልጊዜ መጀመሪያ።»

«እሱ ነው ችግሩ። ካርዱ ከጠፋ በኋላ አዲስ ሲጻፍ ከመጀመሪያው ነው የሚጀምረው። የደንበኞቹ ፎቶ የተጻፈው እሳቸው ላይ ነው።»

ሁልጊዜ የምትቀድመው እሷ ነበረች፤ ሁልጊዜም ቀድማ የጠፋችው እሷ ናት። ካርዶቹን ሊሰበስብ እጁን ሲዘረጋ ጠጋኙ አንዲት ትንሽ ካርድ አነሳ።

«ይቺ አልገባችም።»

ያን ጠዋት ቦርሳው ኪስ የወረወራት አዲሷ ካርድ ናት። ፎርማት አድርጓት ነበር፤ ግን ከዚያ በኋላ ምንም አላነሳባትም። ጠጋኙ ሰካት። ፕሮግራሙ ጥቂት ሄደና አንድ ፎቶ ብቻ አወጣ።

«ይሄ ደግሞ ወረቀት ነው፤» አለ ጠጋኙ እየቀፈፈው። «ፊት የለውም ጋሼ። ላጥፋው?»

«እንዳትነካት!»

ጩኸቱ ሱቁ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ሁሉ አዞረ። ጋሼ ቀጥበል መነጽሩን አድርጎ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ፎቶው አንድ ጉድለት የለበትም። ብርሃኑ ከመስኮቱ ለስለስ ብሎ ገብቷል፣ ነጩ ነጭ ነው። ወረቀቱን የያዙት ጣቶች ጥፍራቸው ቀለም ተቀብቷል፤ ጥፍሯን ተቀብታ የማታውቅ ሴት! ከወረቀቱ በላይ ጸጉሯ ይታያል፤ ከሻሽ ወጥቶ፣ ተበጥሮ፣ ወደ ኋላ ተይዟል። በጎን በኩል ጆሮዋ ላይ ለልጇ ምርቃት ብቻ አድርጋው የነበረ ጉትቻ አለ። ከወረቀቱ በታች ደግሞ አረንጓዴው ቀሚስ፣ ወገቡ ጠበብ ተደርጎ፣ እስከ ጉልበቷ። የወረቀቱ የላይኛው ጫፍ ወደ ፊት ዘንበል ብሏል። ዘንበል ያለበት ምክንያት አሁን ገባው፤ ልታወርደው ተሰናድታ ነበር።

ጋሼ ቀጥበል ፎቶውን አስገልብጦ ወደ ቤቱ ተመለሰ፣ ፎቶ ቤቱን ከፈተ፣ በቤቱ ያለውን ትልቁን የፎቶ ወረቀት አውጥቶ አተመው። በዚያ ሚስማር ላይ ሰቀለው። ልጁ ሻንጣዋን እያሰናዳች ነበር፤ ድምፅ ሰምታ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ፎቶውን አየች። ወደ ውስጥ ተመለሰችና አረንጓዴውን ቀሚስ ይዛ መጣች። ቀሚሱን ፎቶው አጠገብ ይዛ ቆመች።

«መቼ ነው ይሄ?»

«የዚያኑ ዕለት ጠዋት።»

«አባዬ፣ ፊቷስ?»

ጋሼ ቀጥበል ጣቱን ዘንበል ያለው የወረቀቱ ጫፍ ላይ አሳረፈ።

«ዝቅ አድርጊው እስክላት እየጠበቀች ነበር፤» አላት። «አላልኳትም።»